ካዎ ጦና፣ የንጉሥ ድንኳንና የሕዝብ ጥላ

የወላይታው የመጨረሻ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ሲነሱ ጦርነቱም አብሮ ይነሳል። የጅማው አባ ጅፋር ለአጼ ምኒልክ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን ሲያቆዩ፣ ጦና ግን አልገብርም አሉ። በ1887 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱባቸው፤ አባ ጅፋርም ከዘማቾቹ ጋር ነበሩ። ጦርነቱ ለወላይታ እጅግ መራራ ሆነ። እልፍ ሰው አለቀ፤ ብዙው በምርኮ ተነዳ፤ ከብቱም ተዘረፈ። ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ምኒልክ ፊት ቀርበውም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ።

ምኒልክ ወላይታ ላይ የሰፈሩት በድንኳን ነበር። በዚያ ዘመን ለዘመተ ንጉሥ ድንኳን ቤተ መንግሥትም ችሎትም ነው፤ ቀዩ ድንኳን ደግሞ የንጉሥ ብቻ ነበር። ጥበቡ ቀላል ነው፤ ምሰሶ ይደግፋል፣ ገመድ ይወጥራል፣ ካስማ ይይዛል። ዛሬ በየአገሩ መናፈሻዎች ላይ የሚወጠረው የሸራ ጥላም ከዚህ የተለየ አይደለም። ምሰሶው ብረት፣ ካስማው ኮንክሪት ሆነ እንጂ። እሱም ቢሆን በደንብ ካልተወጠረ ንፋስ ያርገበግበዋል፣ ዝናብ ያቁርበታል።

የወላይታ ሰው ጉታራ በሚለው ሸንጎ ተሰብስቦ የሚመክር ሕዝብ ነው። ጦናም ዛሬ በሶዶ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ሐውልቱ መልካም ነው፤ ሕዝቡም በበኩሉ ተቀምጦ የሚነጋገርበት ጥላ ይገባዋል። በእኔ እምነት ዛፉ ይቅደም፤ ዛፉ እስኪያድግ ግን ሸራው ይወጠር። በቀትር የማያስጠልል መናፈሻ የሕዝብ የሚሆነው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።