ማህሙድ ሃርቢ፦ ድምፅ በዘር ሲቆጠር

ደወሌን የምታውቋት በጉምሩክ ኬላዋ፣ በከባድ መኪናዎች ሰልፏና በሙቀቷ ይሆናል። እኔ ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት ለጉዳይ ወደዚያ ወርጄ ፍተሻው እስኪያልቅ ሻይ ቤት ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀመጥኩ። ሕግ የተማርኩ መሆኔን ሲሰሙ ጨዋታቸውን ወደ ቁም ነገር አዞሩት። ታናሽ ወንድማቸው በ1967ቱ የጅቡቲ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥቷል፤ እርሳቸው ግን ወደቡ ላይ ጭነት ሲሸከሙ ኖረው መጤ ተብለው ከመዝገብ ቀርተዋል። ከአንድ እናት ተወልደው አንዱ ዜጋ ሌላው መጤ የሚሆኑት በየትኛው አንቀጽ ነው? መልስ አልነበረኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ጥያቄ ወደ አንድ ሰው ሕይወት መራኝ፤ ወደ ማህሙድ ሃርቢ ፋራህ።

ማህሙድ ሃርቢ በ1921 የተወለደው ከደወሌ ብዙም በማትርቀው በአሊ ሳቢህ ነው። አሊ ሳቢህና ደወሌ በአንድ የባቡር መስመር ላይ የተቀመጡ፣ በሁለቱም የኢሳ ሶማሌ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። የሚለያቸው ምኒልክና ፈረንሳዮች በ1897 የተዋዋሉበት ድንበር ነው። ማህሙድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ባንዲራ ሥር አገልግሎ ተመለሰ። ከዚያም በጅቡቲ ሠራተኞች ዘንድ ስሙ ገነነ፤ በ1956 መጀመሪያ ላይም ፓሪስ ለሚገኘው ብሔራዊ ምክር ቤት ተመረጠ።

በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ለቅኝ ግዛቶቿ የተወሰነ የራስ አስተዳደርና ሁሉን አቀፍ የመምረጥ መብት ፈቀደች። በ1957 ምርጫ የማህሙድ ወገን አሸነፈና እርሱ የመንግሥት ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ፈረንሳዊው ገዢ ስለነበር፣ ለአገሬው ሰው ከዚህ በላይ ወንበር አልነበረም። ልብ በሉ፣ ያሸነፈው የኢሳን ድምፅ ብቻ ለቅሞ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ጥያቄ የደመወዝ፣ የሥራና የአስተዳደር ነበርና ሰው በየኑሮው ተከፋፍሎ መረጠ።

ዓመት ሳይቆይ ጥያቄው ተለወጠ። ደጎል ሴፕቴምበር 28 ቀን 1958 ቅኝ ግዛቶቹን ሁሉ በአንድ ቀን ጠየቁ፦ ከፈረንሳይ ጋር ትቀጥላላችሁ ወይስ ትለያላችሁ? በሥልጣን ላይ ካሉት የአገሬው መሪዎች ሕዝባቸውን እምቢ በሉ ያሉት ሦስት ናቸው፤ የጊኒው ሴኩ ቱሬ፣ የኒጀሩ ጂቦ ባካሪና የጅቡቲው ማህሙድ ሃርቢ። ጊኒ ብቻ እምቢ ብላ ወጣች። በጅቡቲ ከመቶ 75 ያህሉ ይቀጥል አለ።

ለምን? ማህሙድ ነፃነትን ከሶማሌ አንድነት ጋር አሰረው። አፋሩ በዚያ ውስጥ የታየው ነፃነት ሳይሆን በትልቅ ሶማሊያ ውስጥ መዋጥ ነበር። ስለዚህ አፋሩም አውሮፓዊውም ለፈረንሳይ ሲሰጥ፣ የእምቢታው ድምፅ በአብዛኛው የሶማሌ ሆነ። እኔ ማህሙድን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን የዳቦን ጥያቄ ወደ ደም ጥያቄ በለወጠው ቀን የራሱን ምርጫ ራሱ እንደተሸነፈ ከመናገር አልቆጠብም።

ደግሞም አምስት ጣት እኩል አይደለም እንዲሉ፣ የኢሳው ድምፅም አንድ አልነበረም። የማህሙድ ዋና ተቀናቃኝ የነበረው ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን እርሱም ኢሳ ነው። ያኔ ይቀጥል ብሎ ቀሰቀሰ፤ ምክር ቤቱ ፈርሶ እንደገና ሲመረጥም የማህሙድን ወንበር ወረሰ። ማህሙድ ተሰደደ፤ ካይሮ ገባ። በ1960 ሶማሊያ ነፃ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ የተሳፈረበት አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ። ዕድሜው አርባ አልሞላም።

እርሱ ሞተ፤ ቆጠራው ግን አልሞተም። ደጎል በ1966 ጅቡቲን ሲጎበኙ ሰልፍና ሁከት ጠበቃቸው። ከዚያ ከተማዋ በእሾህ ሽቦ ታጠረች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች መጤ ናችሁ ተብለው ተባረሩ። በማርች 1967 ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 60 ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መቀጠልን መረጠ። ግዛቱም የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ተባለ፤ የመዝገቡ ዓምድ የአገር ስም ሆነ ማለት ነው። ዳኛው የድምፅ ሳጥኑ አልነበረም። ከሳጥኑ በፊት ማን መዝገብ ላይ ይስፈር ብሎ የወሰነው ጸሐፊ ነበር። የደወሌው አዛውንት የጠየቁኝም ይህንኑ ነው።

ለነገሩ ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ሐሰን ጉሌድ ከአፋሩ አህመድ ዲኒ ጋር ተባብሮ ነፃነትን ጠየቀ። በሜይ 1977 ሕዝቡ፣ አፋሩም ኢሳውም፣ ከሞላ ጎደል በአንድ ድምፅ ነፃነት አለ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ደሙም ያው ነው፤ የተለወጠው የጥያቄው አቀራረብ ነበር።

ይህን ሁሉ የምተርከው የትናንቱን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጋዜጦች ጥቁሩ ለዚህ፣ ስደተኛው ለዚያ፣ ሙስሊሙ ለእንትና እያሉ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ፓርቲዎችም ድምፁን ኪሳቸው የገባ አድርገው ይተኛሉ። በ2021 ግን ወደ ዴሞክራቶች ያዘነብላሉ ተብለው የሚታሰቡ በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አባላት፣ ዋሽንግተን በሰሜኑ ጦርነት በያዘችው አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ሲቀሰቅሱ አይተናል። በ2024 የእንግሊዝ ምርጫም ሌበር አገር እያሸነፈ፣ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው አራት ወረዳዎች በጋዛ ጉዳይ በግል ተወዳዳሪዎች ተሸንፏል። መጤ መራጭም እንደማንኛውም ሰው ይቀየማል፣ ያመዛዝናል፣ ሐሳቡን ይለውጣል።

ወደ ቤታችን ስንመለስስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 38 የመምረጥ መብትን ያለ አድልዎ ይሰጣል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ ወንበር ይይዛል። ይሁን እንጂ በ2021ዱ ምርጫ ዋዜማ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች በሚወዛገቡባቸው ስምንት ቀበሌዎች የምርጫ ጣቢያ ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ብዙ አነታርኳል። እዚያ ያለ አርብቶ አደር ድምፁን የሚፈልገው ለውኃ ጉድጓድ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ነው። እኛ ግን ካርዱን ስናይ የምንቆጥረው መሬቱ የማን እንደሆነ ነው። እንዲህ እስከቆጠርን ድረስ ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ዛሬ ጅቡቲ መካከል፣ ድሮ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ የማህሙድ ሃርቢ ተብሏል። በ1958 የተሸነፈው ሰው አደባባይ አገኘ። የደወሌው አዛውንት ግን መልስ አላገኙም። ሕግ ተምሬ ልመልስላቸው ያልቻልኩት ጥያቄ ዛሬም ዕዳዬ ነው፤ የእኔ ብቻም አይመስለኝም።