የተፈታ ሰው ምስጋና
(የኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ)



ስለ ድነታችን እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ጊዜ ብዙ ነው። በጸሎት እናመሰግናለን፤ በመዝሙር እናመሰግናለን፤ ፈተና ባለፍን ጊዜ፥ ከሕመም በተነሣን ጊዜ እናመሰግናለን። ነገር ግን ይህ ምስጋና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደወጣ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ይጠፋል። ማመስገን የሁሉም ክርስቲያን፥ መመስከር ግን ደፋር ሆነው የተፈጠሩ የጥቂት ሰዎች ሥራ ይመስለናል። በእውነት ምስጋናና ምስክርነት እንዲህ የሚለያዩ ናቸውን? ይህን ጥያቄ በክርክር ከመመለስ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ብንመለከት ይሻላል። ሰውየው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም አሳደገችው። በ1869 ገደማ፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እያለ፥ የባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ጉያ ነጥቀው ወሰዱት። በዚያን ዘመን ከምዕራቡ አገር ወደ ቀይ ባሕር የሚጓዘው የባሪያ ንግድ እንደ ቡናና እንደ ዝሆን ጥርስ ንግድ በገሃድ የሚካሄድ ነበር። ልጁ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ፥ ከገበያ ወደ ገበያ ስምንት ጊዜ እጅ ለእጅ ተላለፈ። እስቲ እናስበው! ስምንት ጊዜ ዋጋ ተጠራበት፤ ስምንት ጊዜ ጌታ ተለወጠበት። በእያንዳንዱም ሽያጭ ከእናቱ ቤት እየራቀ ሄደ።

የመጨረሻው ገበያ ምጽዋ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕሩ ነው፤ ባሕሩን የተሻገረ ባሪያ አገሩን ዳግመኛ አያይም። ነገር ግን በ1870 በምጽዋ ይኖር የነበረው ስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ልጁን ነጻ አወጣውና በዚያ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ሰጠው። ሙንዚንገር በታሪካችን በመልካም ብቻ የሚነሣ ሰው አይደለም፤ ቆየት ብሎ ለግብፅ መንግሥት አድሮ የቦጎስን አገር የያዘ፥ በ1875ም በአውሳ የተገደለ እርሱ ነው። እግዚአብሔር ግን ለዚያ ልጅ በዚህ ሰው እጅ በር ከፈተለት።

ልጁ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገባ፤ ፊደል ቆጠረ፤ የወንጌልን ቃል ሰማ፤ አመነም። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። የተሰጠው የክርስትና ስም ኦኔሲሞስ ነበር። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም የሚጠቅም ማለት ነው። ጳውሎስ ያን ባሪያ ወደ ወጣበት ቤት መልሶ ሲልከው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበሉት ለመነ። የኛው ኦኔሲሞስም ከተጠመቀ በኋላ የቀረው ዘመኑ በሙሉ ወደ ወጣበት አገር የመመለስ ጉዞ ሆነ።

የመጀመሪያ ስሙም ሊታለፍ አይገባውም። ሂካ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ከመፍታት ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ የታሰረን ፈታ፥ ሕልምንም ፈታ እንደምንል ሁሉ፥ በኦሮምኛም ያው ግሥ ገመድ ለመፍታትም ቃል ለመተርጎምም ያገለግላል። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት የሚመጣውን አላወቁም። እርሱ ግን መጀመሪያ ራሱ ተፈታ፤ ከዚያም ለወገኖቹ ቃሉን ፈታላቸው።

በ1876 ሚሲዮኑ ኦኔሲሞስን ለትምህርት ወደ ስዊድን ላከው። በዮሐንስሉንድ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በዚያው ጊዜ ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፥ የተማረ፥ ነጻ ሰው ነበረ። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚሲዮኑ ግቢ በሰላም እያስተማረ ሊኖር ይችል ነበር፤ ማንም አይነቅፈውም ነበር። ኦኔሲሞስ ግን በዚያው ዓመት ወደ ወለጋ ለመሄድ ከተነሣው ቡድን ጋር ወጣ።

በማርቆስ ወንጌል አምስተኛው ምዕራፍ አጋንንት የወጡለት ሰው ታሪክ ይገኛል። ሰውየው ከዳነ በኋላ ከጌታ ጋር በታንኳው መሄድ ፈለገ፤ ጌታ ግን ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሄዶ የተደረገለትን እንዲያወራ አዘዘው። ለዚያ ሰው ምስጋናና ምስክርነት አንድ መንገድ ነበሩ፤ ያም መንገድ ወደ ቤት የሚወስደው ነው። ኦኔሲሞስም የመረጠው መንገድ ይኸው ነበር። ልዩነቱ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ እርሱ ተሽጦ የመጣበት አገር መሆኑ ነው።

መንገዱም ቀላል አልነበረም። አፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በግዛታቸው እንዲያልፉ ስለማይፈቅዱ ቡድኑ በሱዳን በኩል ዞረ። እስከ ድንበሩ አካባቢ ደርሶ ወደፊት መሄድ አልተቻለም፤ ወደ ካርቱም ተመለሱ። ኦኔሲሞስም በ1882 በትኩሳት ታሞ ከዳነ በኋላ ወደ ምጽዋ ገባ። በ1886 ደግሞ በሸዋ በኩል ለማለፍ ተሞክሮ እስከ እንጦጦ ደረሰ። ነገር ግን ወደ ምዕራብ ማለፍ አልተፈቀደለትም። ሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ወደ እምኩሉ ተመለሰ።

እንግዲህ በሩ ሁለት ጊዜ የተዘጋበት ሰው ምን ያደርጋል? እኛ ብንሆን የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ብለን ነገሩን እንተወው ይሆናል። ኦኔሲሞስ ግን እርሱ መግባት ባይችል ቃሉ እንዲገባ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎሙን ሥራ ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የተነጠቀው ልጅ ሆኖ ነው፤ የያዘው ኦሮምኛም የልጅ ኦሮምኛ ነበር። የነቢያትንና የሐዋርያትን ነገር ለመተርጎም አልበቃውም። ኦኔሲሞስ ይህን ድካሙን አልሸሸገውም፤ የሚረዳው ሰው ተገኘ፤ እርሱም ከምሁራን ወገን አልነበረም። አስቴር ጋኖ የምትባለው ወጣት ኦሮሞ እንደ እርሱ በባርነት የተሸጠች ነበረች። ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከብ በባሕር ላይ ያዛትና ነጻ ወጣች፤ በ1886 ወደ እምኩሉ መጣች። በትምህርት ቤቱ ፊደል ስትማር ለቋንቋዋ ያላት ስጦታ ታየ። ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ አምስት መቶ ያህል ተረቶች፥ ዘፈኖችና ምሳሌዎችም ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች። ከዚህ ሀብት በ1894 ለኦሮምኛ ተማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ታተመ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ከዚያም ብሉይ ኪዳን ተጨምሮ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ነጋዴዎች በገበያ የሸጧቸው ሁለት ልጆች ለሕዝባቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አበረከቱ! ገለታ የሚለው ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም ምስጋና ማለት ነው። ያ መጽሐፍ በእውነት የሁለቱ ገለታ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በላይ በትዕግሥት በቀለምና በወረቀት የተጻፈ ገለታ።

በ1904 በሩ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ መጽሐፉን ይዞ ወለጋ ገባ፤ አስቴርም ከተጓዦቹ አንዷ ነበረች። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ በክብር ተቀበሉት። ከተነጠቀበት ቀን ሠላሳ አምስት ዓመት፥ ለመመለስ መጀመሪያ ከተነሣበትም ሃያ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ልጅ ሆኖ ወጣ፤ ሽበት ሲጀምረው ገባ።

በነቀምት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኦሮምኛም ሰበከ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ስለሰማ ተሰበሰበ። ይህ ግን ያለ ተቃውሞ አልሄደም። በአካባቢው የነበሩ ካህናት እመቤታችንን ይነቅፋል ብለው ከሰሱት። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርቶ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ ከዚያ አገር እንዲወጣም ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ነገር ግን እንዳይሰብክ ታዘዘ።

ውድ ወጣቶች፤ ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ሰውየው ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቀው ለወገኖቹ ለመናገር ነው፤ ሁለት ዓመት እንደተናገረ አፉ ተዘጋ። ሊቆጣና ትቶ ሊሄድ ይችል ነበር። እርሱ ግን በነቀምት ቀረ፤ ትምህርት ቤቱንም አልዘጋም። ልጆችን ፊደል ማስቆጠር አልተከለከለም፤ ፊደል ያወቀ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ራሱ ያነባል። ስለዚህ ዓመት ከዓመት፥ ከአሁን አሁን እባረራለሁ የሚል ስጋት እያለበት አስተማረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነቱን እንዲያስተምር የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጡት። ልጅ ኢያሱ ብዙ ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስም እስከ 1931፥ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፥ መጽሐፉን እያደለ ቃሉን እየተናገረ በነቀምት ኖረ። ሲሞት ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ነበረው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው እርሱ ካረፈ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1942 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ነጻነት የተናገረው የሰው ልጅ ገና በሚሸጥበት አገር፥ ራሱም በተሸጠበት ዘመን ነበር።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አንደኛ፥ ድፍረት ጩኸት አለመሆኑን እንማራለን። ብዙዎቻችን ስለ እምነት በድፍረት መናገር ሲባል በአደባባይ ቆሞ ድምፅን ከፍ ማድረግ ይመስለናል፤ ድምፃችን ዝቅ ያለ ስለሆነም ነገሩ እኛን አይመለከትም ብለን እናርፋለን። የኦኔሲሞስ ድፍረት ግን ቃል በቃል እየፈለጉ ለዓመታት መተርጎም ነበር፤ ከተዘጋ በር ተመልሶ እንደገና መሄድ ነበር፤ በተከለከለ ጊዜም የተፈቀደለትን ሥራ በታማኝነት መሥራት ነበር። ይህን የመሰለ ድፍረት ለዝምተኛውም ተማሪ ይቻላል።

ሁለተኛ፥ ሰሚው በሚገባው ቋንቋ መናገርን እንማራለን። ኦኔሲሞስ የስዊድን ትምህርት ነበረው፤ ግን አስቴርን አዳምጦ የእናቱን ቋንቋ እንደገና ተማረ። እኛስ? በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ከአጠገባችን ለተኛው ጓደኛችን ስለ እምነታችን ስንናገር፥ እርሱ በማያውቃቸው የቤተ ክርስቲያን ቃላት ብቻ እንናገራለንን? ወይስ የእርሱን ጥያቄ አስቀድመን እንሰማለን? ሰሚውን ያላከበረ ምስክርነት፥ እውነት ቢሆንም፥ ከጆሮ አያልፍም።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ምስጋና አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። እውነተኛ ምስጋና ወደ እግዚአብሔር ብቻ ወጥቶ አይቀርም፤ ተመልሶ ገና ወዳልተፈቱት ይሄዳል። ኦኔሲሞስ የሸጡትን ነጋዴዎች ሲረግም ቢኖር ኖሮ ማን በፈረደበት? ስዊድን ቀርቶ ያለፈውን ቢረሳስ? እርሱ ግን ለተደረገለት ነገር የከፈለው ወሮታ ያን የመከራ አገር ለምሥራች መንገድ ማድረግ ነው። እያንዳንዳችን የተፈታንበት ነገር አለ፤ አንዱ ከተስፋ መቁረጥ፥ አንዱ ከመጠጥ፥ አንዱ ከጥላቻ፥ አንዱም በልጅነቱ ከያዘው ፍርሃት። በዚያው ነገር ታስረው ያሉ ሰዎች የት እንዳሉ ደግሞ ከማንም ይልቅ እኛ እናውቃለን፤ ቤታቸውን እናውቃለን፤ ቋንቋቸውንም እናውቃለን።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ድነታችን ለማመስገን ስንቆም፥ ወደ ማን እንድንሄድ እንደተፈታን አብረን እንጠይቅ። በሩ ዛሬ ቢዘጋ ፊደል እናስቆጥር፤ ነገ ሲከፈት እንግባ። ለሂካ የደረሰ አምላክ የእኛንም አንደበት ይፍታልን፤ አሜን።