የማይክል ፓወል አጭር የሕይወት ታሪክ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ድላቸው ነው። እኔ ግን በዚህ መጽሔታችን አንድ ፊልም መጀመሪያ ነቀፋን፥ በኋላም ክብርን ስላመጣለት እንግሊዛዊ የፊልም ዲሬክተር ስለ ማይክል ፓወል ልጽፍ ወደድሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፓወል በ1905 በኬንት ከእርሻ ባለቤት ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የባንክ ጸሐፊ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ሲኒማ ስላዘነበለ በ1925 ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ሙያውን ከትንሹ ሥራ ጀምሮ ተማረ። በኋላም የሃንጋሪ ተወላጅ ከሆነው ከኤመሪክ ፕረስበርገር ጋር ተባብሮ፥ በ1948 የወጣውን «ቀይ ጫማዎች» የተባለውን ጨምሮ፥ ስመ ጥር ፊልሞችን ሠራ።

በ1960 ግን ያለ ባልንጀራው «ፒፒንግ ቶም» የሚባል አስፈሪ ፊልም አወጣ። ትርጕሙ በቀዳዳ የሚያጮልቅ ማለት ነው። አንድ ሊቅ የፍርሃትን ጠባይ ለመመርመር ሲል የገዛ ልጁን እያስደነገጠ በካሜራ ያነሣዋል፤ ልጁም ካደገ በኋላ ሴቶችን እየገደለ የሞት ፍርሃታቸውን በፊልም ያነሣል። ክፉውን አባት ሆኖ የታየው ፓወል ራሱ፥ ሕፃኑን ሆኖ የታየውም የራሱ ልጅ ነው። ገዳዩ ዓይናፋርና የሚያሳዝን ወጣት ነው፤ ተመልካቹም በገዳዩ ካሜራ ስለሚያይ የጥፋቱ ተካፋይ የሆነ ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውን ያስቈጣው ይህ ነው።

የሎንዶን ጋዜጦች አጥብቀው ነቀፉት፤ ፊልሙም ብዙ ሳይቈይ ከሲኒማ ቤት ወረደ። ፓወልም በአገሩ ሥራ ስላጣ ፊልም ለመሥራት እስከ አውስትራልያ ተጓዘ። በ1979 አሜሪካዊው ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልሙ በኒው ዮርክ እንደገና እንዲታይ ረዳ። ዛሬ በእንግሊዝ ከተሠሩት ምርጥ ፊልሞች ጋር ይቈጠራል። ፓወል በ1990 ከመሞቱ በፊት ይህን ለማየት በቃ።

ገዳዩን ሆኖ የተጫወተውን ተዋናይ ወላጆቻችን በሌላ ሥራው ያውቁታል። እርሱም በ1981 ለተቸገሩ ወገኖቻችን የርዳታ ድርጅት ያቋቋመውና በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት የተሰጠው ካርልሃይንዝ በም ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የፓወል ክብር ተመለሰ፥ ያለ ሥራ ያለፉት ዓመታት ግን አልተመለሱም። ስለዚህ በሰው ሥራ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ደጋግመን ማየትና መመርመር ይገባናል።