ሼኽ በክሪ ሳጳሎና ቁጥር ያላገኘው ፊደላቸው

የጨፋን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው የቦርከናን ውሃ ያስታውሳል። ከብቱ ሲገባበት ይደፈርሳል፤ ድፍርሱን ውሃ በኦሮምኛ ቦሩ ይሉታል። ነገ ለማለትም ቃሉ ቦሩ ነው። ለጆሮ ሁለቱ አይምታቱም፤ የድፍርሱ ድምፅ ይረዝማል፣ የነገው ያጥራል። በግእዝ ፊደል ሲጻፉ ግን አንድ ይሆናሉ። እኛ የከሚሴ ልጆች በዚህ ስንስቅ አድገናል። ከሐረርጌ የተነሡ አንድ መምህር ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም፤ ዛሬ ታሪካቸውን ባጭሩ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሼኽ በክሪ የተወለዱት በ1895 በሐረርጌ ደጋ፣ ሳጳሎ በሚባል ኮረብታ አጠገብ ነው። ስማቸው አቡበከር፣ አባታቸውም ገራድ ዑስማን ሲሆኑ ሳጳሎ የሚለው መጠሪያ የመጣው ከኮረብታው ነው። በወጣትነታቸው ወደ ጨርጨር ተሻግረው፣ በእኛ አገር አነጋገር ኪታብ ሲቀሩ ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። በኦሮምኛ የገጠሟቸው ግጥሞች በቃል ከመንደር መንደር ይዞሩ ስለ ነበረ፣ ፊታቸውን ያላየ ሁሉ ስማቸውን ያውቅ ነበር። ኋላም በሐሮማያ አካባቢ በአዴሌ ሲያስተምሩ ከሃይማኖቱ ትምህርት ጋር ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ጨምረው ይሰጡ ነበር። ለአንድ የገጠር ሼኽ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በተውሶ ፊደል መጻፍ በአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በወሎ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን በዓረብ ፊደል ይጽፉ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ ደግሞ በ1899 የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተሙት በግእዝ ፊደል ነው። ይሁን እንጂ የዓረቡ ፊደል ኤንና ኦን ለመለየት ይቸገራል፤ የግእዙ ሰባት ቤት ደግሞ የድምፁን ርዝመት አያሳይም። ኦሮምኛ አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢ አለውና ከሁለቱ አንዱም በልኩ አልተሰፋለትም። ስለዚህ ሼኽ በክሪ በ1956 ከሁለቱም ያልተቀዳ አዲስ ፊደል አወጡ። እንደ ግእዙ አንዱ ምልክት ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛል፤ ረጅሙና አጭሩ ግን ይለያያሉ። ነገና ድፍርስ በወረቀት ላይ ተለያዩ ማለት ነው።

እሳቸው በሐረርጌ ይህን ሲያስተምሩ በአሜሪካ መሐንዲሶች በሌላ ገበታ ላይ ይሠሩ ነበር። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም። በውስጡ ያለው የሚበራና የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው፤ የበራው 1፣ የጠፋው 0 ይባላል። ሰባት እንዲህ ያሉ ምልክቶች ቢደረደሩ 128 ልዩ ልዩ አሰላለፍ ይሰጣሉ። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ እነዚህን 128 ቦታዎች ለላቲን ፊደል፣ ለአኃዝ፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለማሽኑ ትእዛዞች አከፋፈለ። ትልቁ የላቲን ኤ 65 ሆነ። ሀሁ ግን በዚያ ገበታ ላይ ቦታ አልነበረውም።

በሐረርጌ የሼኹ ፊደል ደጋፊ አገኘ፤ ሰዎች ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግን ነገሩን በጥርጣሬ አየው፤ በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሼኹ በድሬ ዳዋ በቁም እስር ተቀመጡ። ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በደል የሚናገረውን ሸልዳ የተባለውን ጽሑፋቸውንም በዚያው አዘጋጁ። ሰውየው ጠመንጃ አላነሡም፤ ያስፈራው ልጆች በቋንቋቸው መጻፋቸው ነበር። በ1978፣ በደርግ ጊዜ፣ በሽምግልናቸው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሶማሊያ ተሰደው በ1980 በሚያዝያ ወር በስደተኛ መጠለያ ሳሉ ዐረፉ። በሚከተለው ዓመት ሪቻርድ ሄይዋርድና ሙሐመድ ሐሰን ስለ ፊደሉ ያጠኑት ጽሑፍ በለንደን ታተመ። ያ ጥናት ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬ የምጽፈው ነገር ባልኖረኝም ነበር።

ለግእዝ ፊደል ቁጥር የተሰጠው በ1999 በዩኒኮድ 3ኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለ ነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። የዛሬው ሠንጠረዥ ደግሞ የየኔታን ገበታ ይመስላል። ሀ 4608 ነው፤ 1 ሲጨመር ሁ፣ 2 ሲጨመር ሂ፤ 8 ሲጨመር ወደሚቀጥለው መደዳ፣ ወደ ለ፣ ይወረዳል። ከሚሴ ለማሽኑ 4776፣ 4634፣ 4660 ናት። የኦሮምኛው ዸ እንኳ ከደ ቀጥሎ 4856 ላይ ተቀምጧል።

የሼኽ በክሪ ፊደል ግን እስከ 2025 በወጡት እትሞች ሁሉ ቁጥር የለውም። ለማነጻጸር ያህል ሶለማና ካንቴ በ1949 በምዕራብ አፍሪካ ያወጡት የንኮ ፊደል በ2006 ገብቷል፤ የሶማሌው ዑስማንያም በ2003። አንዳንዱ ጓደኛዬ ከ1991 ጀምሮ ቁቤ አለልን፣ ረጅሙን አናባቢ ደግመን እየጻፍን ነው፣ የሼኹ ፊደል ምን ያደርግልናል ይለኛል። ለዕለት ሥራ እውነቱን ነው፤ እኔም በቁቤ ነው የምጽፈው። ነገር ግን የሰውየው ጽሑፍ ቁጥር ከሌለው ለማሽኑ ሥዕል ነው፤ ቃል ቢፈልጉበት አይገኝም። በዩኒኮድ ማንም የፈቀደውን ምልክት የሚያኖርባቸው ከ57344 ጀምሮ 6400 ክፍት ቦታዎች አሉ። በእነዚያ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ሲላክ የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው። የታወቀ ቁጥር ለማግኘት የፊደሉን ቅርጽና ስም ዘርዝሮ፣ ሰዎች እንደ ጻፉበትም ማስረጃ አያይዞ ማመልከት ያስፈልጋል። ከሐረርጌ የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ዓረብኛም ግእዝም ያልሆነ የቆየ ደብዳቤ ብታገኙ እባካችሁ አትጣሉት፤ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አሳዩልኝ።

ከፊደሉ አንዱን ምልክት እዚህ ላይ መትቼ ላሳያችሁ አስቤ ነበር። ኮምፒዩተሩ ስላልቻለ ከገጹ ግርጌ ቦታ ለቅቄ በብዕር ሥዬዋለሁ።