ቀለምን ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ያመጣው ጆን ሎጊ ቤርድ

በቴሌቪዥን፣ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ መስኮት የሚታየው ባለቀለም ምስል ሁሉ ከሦስት ብርሃናት ይገኛል፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። እነዚህን አዋሕዶ ባለቀለም ቴሌቪዥንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጆን ሎጊ ቤርድ ነበር።

ቤርድ እ.አ.አ በ1888 በሄለንስበርግ ከተማ ከአንድ ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሕመም አይለየውም ነበር። ካልሲ፣ ማርማላታና ሳሙና እየነገደ ኑሮውን ለመግፋት ቢሞክርም ጤናው እያወከው ሥራውን በተደጋጋሚ አቋረጠ።

በ1923 ለጤናው ሲል ወደ ባሕር ዳርቻዋ ሄስቲንግስ አቀና። በቂ ገንዘብ ስላልነበረው የመጀመሪያ መሣሪያውን ከባርኔጣ ካርቶን፣ ከሻይ ሣጥን፣ ከብስክሌት መብራት መስታወትና ከመርፌ ሠራ። በ1924 ኤሌክትሪክ መትቶት ከሞት ለጥቂት ተረፈ፤ የሚሠራበትን ክፍልም እንዲለቅ ተደረገ። እርሱ ግን ጥረቱን አላቆመም። ጥር 26 ቀን 1926 ለንደን ውስጥ በሳይንስ ሊቃውንት ፊት የሚንቀሳቀስ የሰው ፊት በቴሌቪዥን አሳየ።

ሐምሌ 3 ቀን 1928 ደግሞ ተራው የቀለም ሆነ። በሚሽከረከር ክብ ሳህን ላይ በጠመዝማዛ መስመር የተደረደሩ ሦስት ረድፍ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አንዱ ረድፍ ቀዩን፣ ሌላው አረንጓዴውን፣ ሦስተኛው ሰማያዊውን ብርሃን ያሳልፋል። ሳህኑ በፍጥነት ሲዞር ሦስቱ ምስሎች ይከታተላሉ፤ ዓይንም እንደ አንድ ያያቸዋል።

ይሁንና መከራው አላበቃም። በኅዳር 1936 የለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ሲቃጠል የምርምር ክፍሎቹ ወደሙ። በየካቲት 1937 የብሪታኒያው ብሮድካስት ተቋም ቢቢሲ የእርሱን ስልት ትቶ የተፎካካሪዎቹን መረጠ።

ቤርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም በግል ወጪው መመራመሩን ቀጠለ። ነሐሴ 16 ቀን 1944 የሚሽከረከር አካል የሌለበትን፣ በኤሌክትሮን ጨረር ብቻ የሚሠራውን ባለቀለም መስኮት አሳየ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለው ስስ ገበታ አንዱ ገጽ ብርቱካናማ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበር።

ፈጠራው ገበያ ላይ ሳይውል ቤርድ ሰኔ 14 ቀን 1946 በ57 ዓመቱ አረፈ። በ1950 የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ በሦስት ቀለም ነጠብጣቦች የሚሠራ ቱቦ አሳየ፤ በኋላ የመጡት ባለቀለም የኮምፒውተር መስኮቶችም ለዓመታት በዚሁ ስልት ተሠሩ። ቱቦው ዛሬ በስስ መስኮት ቢተካም፣ ቤርድ በ1928 ያዋሐዳቸው ሦስቱ ብርሃናት አሁንም አልተቀየሩም።