ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪና የልጥ ማረፊያ አእዋፍ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ የአምቦ ተማሪዎች ደብተራችንን ሰቅለን ዝናቡን ከበረንዳ እናያለን። በዚያው ወራት በየጓሯችን ብዙ ሥራ ይሠራል። በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ መስሎ የኖረው ወንድ ወፍ ጥቁርና ቢጫ ለብሶ በረዘመው ሣር ላይ ይንጎራደዳል፤ ሌላውም ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን ይሸምናል። ይህን ቁጭ ብሎ መመልከት ሥራ ፈትነት ለሚመስለው ሰው በሸዋችን ምድር የኖረውን የማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪን ታሪክ ላጫውተው እወዳለሁ።

አንቲኖሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1811 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፔሩጂያ ከተማ ከመሳፍንት ወገን ተወለደ (ከዚህ በታች የምጽፋቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1849 ለሮማ ሪፐብሊክ ተሰልፎ ተዋግቶ ነበርና ሪፐብሊኩ በወደቀ ጊዜ ተሰደደ። በስደቱም በቱርክ፣ በግብፅና በሱዳን እየተዘዋወረ አእዋፍ ሰበሰበ። በ1867 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ።

ይኸው ማኅበር በ1876 ወደ ሸዋ ሲልከው ዕድሜው 65 ዓመት ገደማ ነበረ። የተላከበትም ጉዳይ በሸዋ በኩል አልፎ በምድር ወገብ አጠገብ ወዳሉት ታላላቅ ሐይቆች ለመድረስ ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በአደን ላይ ሳለ ጠመንጃው ባርቆ ቀኝ እጁን አቆሰለው። ወፍ ለሚያድንና ለሚጽፍ ሰው ቀኝ እጅ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ሰጡት። ጓደኞቹ ቼኪና ኪያሪኒ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቁ (ኪያሪኒም በ1879 በጌራ ሞተ) እሱ እዚያው ቀረ። ሩቅ መንገድ ቢዘጋበትም ዓይኑን ወደ ደጁ መለሰ። ደጁም ድኻ አልነበረም፤ በአንኮበር ገደል ደጋውና ቆላው በጣም ይቀራረባሉና የሁለቱም አእዋፍ በአጭር መንገድ ይገኛሉ። አንቲኖሪ የሰበሰባቸው ወፎች ቆዳ ወደ ኢጣልያ ተላከ። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅም በ1884 ስለ ሸዋ አእዋፍ በጻፈው ጽሑፍ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀችውን አንዲት ጨረባ በአንቲኖሪ ስም ጠራት።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ያ ቤት የወፍ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የኢጣልያ መልእክተኞችም ማረፊያ ሆነ። በ1879 ወደ ሸዋ የመጣው ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1889 የውጫሌን ውል ያዋዋለው ሰው ነው፤ ውሉ በ1896 ዐድዋ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እኔ ወፍ ተመልካቹን ሳመሰግን ቤቱን ለይቼ ነው።

አንቲኖሪ ይህን ሁሉ ሳያይ በ1882 በነሐሴ ወር፣ በክረምቱ መካከል፣ በልጥ ማረፊያ ሞተና እዚያው ተቀበረ።

ሸዋ ከገባ በመቶኛው ዓመት፣ በ1976፣ ከዚያ በፊት ማንም ሊቅ ያልመዘገባት አንዲት ቡናማ ዝንጉርጉር ዘር በል ወፍ በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ተገኘች፤ በ1979ም የአንኮበር ስም ተሰጣት። እሱ ስድስት ዓመት ከኖረበት ደጅ እምብዛም አይርቅም።