ዓይን ቅርብ ሲያይ ምን ይሆናል? የሔርማን ፎን ሔልምሆልትዝ ሕይወትና ለልጆቻችን የተወው ትምህርት

በየድረ ገጹ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን ዙፋን ያልያዘ፣ ጦር ያላዘመተ፣ ነገር ግን ሐኪሞች ሕያው የሆነውን የሰው ዓይን ውስጡን እንዲያዩ ያስቻለ አንድ ጀርመናዊ ሊቅ እናነሳለን። ሰውዬው ሔርማን ፎን ሔልምሆልትዝ ይባላል። እሱን የመረጥነው በስደት ልጆች ስናሳድግ በየቤታችን የገባ አንድ ችግር ከሥራው ጋር ስለሚያያዝ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሔልምሆልትዝ ኦገስት 31 ቀን 1821 በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማው ጂምናዚየም መምህር ነበሩ። በልጅነቱ ጤናው ደካማ ነበር፤ እርስ በርሱ ያልተያያዘ ነገር በቃል መያዝም ያስቸግረው ነበር። ክፍሉ የላቲን መጻሕፍት ሲያነብ እሱ ከጠረጴዛው ሥር የብርሃን ጨረር በቴሌስኮፕ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ያሰላ እንደነበር በስተርጅና ተናግሯል።

ምኞቱ ፊዚክስ መማር ነበር። የመምህር ደመወዝ ግን ለዚያ አልበቃም። ስለዚህ በ1838 በርሊን ወደሚገኘው የጦር ሠራዊት የሕክምና ተቋም ገባ። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው በሠራዊቱ ውስጥ ለዓመታት በሐኪምነት በማገልገል ነው። በፖትስዳም የጦር ሰፈር ወታደር እያከመ ምርምሩን አላቋረጠም። በ1847 ኃይል መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ታላቅ ሕግ የሚያብራራ ጽሑፍ አቀረበ። ስመ ጥሩ የፊዚክስ መጽሔት ጽሑፉን ሳይቀበለው ስለቀረ ለብቻው በትንሽ መጽሐፍ አሳተመው። ያ የተገፋ ጽሑፍ ዛሬ ከዘመናዊ ፊዚክስ መሠረቶች አንዱ ነው። በ1848 አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት አማልዶለት ከወታደራዊ ግዴታው ቀድሞ ተለቀቀ፤ በ1849ም በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

የዓይን ሥራው የተጀመረው እዚሁ ነው። የዓይን ብሌን ለምን ጥቁር መስሎ እንደሚታይ ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ ይፈልግ ነበር። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ በዚያ መንገድ ላይ ቆመን ለማየት ስንሞክር ግን ጭንቅላታችን ብርሃኑን ይጋርደዋል። ሔልምሆልትዝ መስታወት አጋድሞ ብርሃኑ ከጎን እንዲገባ፣ ተመልካቹ ደግሞ በመስታወቱ አሻግሮ እንዲያይ አደረገ። ኦፍታልሞስኮፕ የተባለው መሣሪያ በ1850 መጨረሻ ይፋ ሆነ። ከዚያ በፊት ሕያው ሰው ላይ በግልጽ ታይቶ የማያውቀው ሬቲና ለሐኪም ዓይን ተገለጠ።

ቀጥሎ አንድ የቆየ ክርክር ገጠመው። ዓይን ከሩቅ ወደ ቅርብ ሲመለስ ምኑ ነው የሚለወጠው? እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ የራሱን ዓይን ውኃ ውስጥ አድርጎ ሲመረምር፣ ለውጡ የፊተኛው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ሳይሆን የሌንሱ መሆኑን በ1801 አሳይቶ ነበር። ሆላንዳዊው ሐኪም ክራመርም የሻማ ብርሃን በዓይን ውስጥ የሚፈጥራቸውን ነጸብራቆች ተከታትሎ ነበር። ሔልምሆልትዝ እነዚህን ነጸብራቆች የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ በ1855 አሠራሩን አብራራ። ሩቅ ስናይ በሌንሱ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይላላል፤ ሌንሱን ያንጠለጠሉት ቀጫጭን ክሮች ይወጠሩና ሌንሱን ይለጥጡታል። መጽሐፍ ስናነብ ግን ጡንቻው ይኮማተራል፣ ክሮቹ ይረግባሉ፣ ሌንሱም በራሱ የመለጠጥ ጠባይ ይወፍራል። ለማመን የሚያስቸግረው ክሮቹ የሚላሉት ጡንቻው ሲሠራ መሆኑ ነው። ይህ ማብራሪያ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ከዚያ በኋላ በቦን፣ በሃይደልበርግና በበርሊን አስተማረ። የሬዲዮ ሞገድን ያረጋገጠው ሔርትዝ ተማሪው ነበር። በ1883 የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው። በ1893 ከቺካጎው የዓለም ትርኢት ሲመለስ መርከብ ላይ ወድቆ ተጎዳ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1894 በ73 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ለእኛ ምን ይሆናል? ሌንሱ ሲወፍር ለጊዜው ነው፤ ዓይን ከመጽሐፍ ሲነሳ ይመለሳል። ማዮፒያ የሚባለው ሩቅ ያለማየት ችግር ግን በአብዛኛው የዓይን ኳስ ራሱ ረዝሞ ምስሉ ከሬቲናው ፊት ሲያርፍ የሚመጣ ነው፤ የረዘመ ዓይን ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። በሔልምሆልትዝ ዘመን በብሬስላው የነበረው የዓይን ሐኪም ሔርማን ኮን ከ10 ሺሕ በላይ ተማሪዎች መርምሮ በ1867 ባወጣው ጥናት፣ ችግሩ በገጠር ትምህርት ቤቶች እጅግ ጥቂት፣ በጂምናዚየሞች ግን ከተማሪው ሩብ ያህሉን የያዘ ሆኖ አገኘው። የክፍል ደረጃ ሲጨምር እሱም ይጨምር ነበር። በ2016 የወጣ ግምት ደግሞ በ2050 ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሩቅ የማያይ እንደሚሆን ያመለክታል።

መድኃኒቱ ግን ሁሉም ውድ አይደለም። በቻይና ጓንግዡ ከተማ ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ተደርጎ፣ ከ3 ዓመት በኋላ ማዮፒያ የያዛቸው ከመቶ 30 ያህል ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት ግን ከመቶ 40 ያህሉን ይዟል። ጥናቱ የወጣው በ2015 ነው። የሁለት ፈረቃ ሥራ ውለን ስንገባ ልጁን ስልክ ይዞ ማግኘት ይቀለናል፤ ቢሆንም ቀን ቀን ሜዳ ላይ ማዋል የሚተካ ነገር የለውም።

ሌላም አለ። ሰሌዳው ያልታየው ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላል፤ ሌላ ሲያይ የማያውቅ በመሆኑ እሱም አይናገርም። መነጽር ዓይን ያደክማል እየተባለ ልጅ ሲከለከልም ሰምተናል፤ ይህ እውነት አይደለም። ልጅ ቴሌቪዥኑን ተጠግቶ የሚያይ፣ ዓይኑን የሚያጨናብስ ከሆነ ከቁጣ በፊት ምርመራ ይቅደም። ከጠረጴዛ ሥር ሌላ ነገር ያሰላ የነበረውን ልጅም ሰነፍ ማለት ቀላል ነበር።